ከቆጠራ የጎደሉት ሴቶች

ሁለት አፋሮች በበረሃ መንገድ ሲገናኙ እጅ ተጨባብጠው ብቻ አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ይቀመጡና ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዝናቡ የት ጣለ? የትኛው ጉድጓድ ደረቀ? የማን ከብት ታመመ? ትኩሳት የገባው የትኛው ሰፈር ነው? ማን ወለደ? ማን ሞተ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ ያወራል፤ አድማጩም ነገሩ እስኪጠራለት ድረስ ይጠይቃል። የሐሰት ወሬ ያቀበለ ሰው በባህሉ ሕግ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም በዚያ ምድር የተሳሳተ ወሬ ሰውንም ከብትንም ወደ ደረቀ ጉድጓድ ይመራል።

መንግሥትም የራሱ ዳጉ አለው። የሕዝብ ቆጠራ፣ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የልደትና የሞት ምዝገባ እንለዋለን። ክሊኒክ የት እንደሚሠራ፣ ክትባት ስንት እንደሚላክ፣ በጀት ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወሰነው በዚህ ወሬ ነው። ስለ አፋርና ስለ ጎረቤቷ ሶማሌ ክልል የያዝነው ወሬ ግን ከመነሻው ጎዶሎ ነው። ብዙዎቹ የጤና አሃዞቻችን ከአገሪቱ ሁሉ የከፉት በእነዚህ ሁለት ክልሎች ነው፤ ቆጠራችን በጣም የሚያነክሰውም እዚሁ ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የጤናው ሥርዓትም ሆነ የቆጠራው የተቀረጹት አንድ ቦታ ቤት ሠርቶ ለሚጠብቃቸው ሰው ነው። ግመሉን ጭኖ የሚሄደውን ሁለቱም ያጡታል፤ ከሁሉ አብልጠው የሚያጡት ደግሞ ሴቷን ነው።

የ660 ሺህ ልዩነት

አገሪቱ በግንቦት 1999 ዓ.ም. ስትቆጠር አፋርና ሶማሌ አብረው አልተቆጠሩም። ቆጣሪዎች ወደዚያ የሄዱት ከወራት በኋላ፣ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። ውጤቱ ሲወጣ የአፋር ሕዝብ 1.39 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ ወንዶቹ 775 ሺህ፣ ሴቶቹ 615 ሺህ አካባቢ። ለ100 ሴት 126 ወንድ ማለት ነው። በሶማሌ ክልል ደግሞ ወንዶቹ 2.47 ሚሊዮን፣ ሴቶቹ 1.97 ሚሊዮን ገደማ ሆኑ። እዚያም ለ100 ሴት 125 ወንድ ተቆጠረ።

ይህ ቁጥር ከተፈጥሮ ጋር አይገጥምም። በአብዛኛው ዓለም 100 ሴት ሕፃናት ሲወለዱ የሚወለዱት ወንዶች 105 ያህል ናቸው። ወንዱ ሕፃን ከሴቷ ይልቅ በለጋነቱ የመሞት ዕድሉ ስለሚበልጥ ልዩነቱ ከዕድሜ ጋር እየጠበበ ይሄዳል እንጂ አይሰፋም።

ከአገሪቱ ቁጥር ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ያስደነግጣል። በዚያ ቆጠራ በመላ ኢትዮጵያ የተመዘገቡት ወንዶች ከሴቶች የሚበልጡት በ680 ሺህ ገደማ ነው። የአፋርን 160 ሺህና የሶማሌን 500 ሺህ ልዩነት ብንደምር 660 ሺህ ይመጣል። ሁለቱን ክልሎች ብናወጣ በቀሪዋ ኢትዮጵያ ወንዱና ሴቷ እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የአንዲት ትልቅ አገር የፆታ ልዩነት ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጠራቀመው በሁለት የአርብቶ አደር ክልሎች ውስጥ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሴቶች የት ገቡ? አንዳንዶች የአዋሽን እርሻዎች፣ የጨው ሥራውንና የጅቡቲን መንገድ ይጠቅሳሉ፤ ከሌላ አካባቢ የመጡ ወንድ ሠራተኞች ቁጥሩን ከፍ አድርገውታል ይላሉ። ይህ በአፋር ጥቂቱን ያስረዳ ይሆናል። በሶማሌ ክልል ያለውን የግማሽ ሚሊዮን ልዩነት ግን አያስረዳም።

ሌሎች የእናቶችን ሞት ያነሣሉ። ይህንን በቀላል ስሌት መፈተሽ ይቻላል። የ2008ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ ሕያው ልደት የ412 እናቶችን ሞት ገምቷል። በአፋር ከዚያ እጥፍ በላይ፣ 1,000 እናቶች ይሞታሉ ብለን እናስብ። በዚያው ጥናት አንዲት የአፋር ሴት በአማካይ 5.5 ልጅ ስለምትወልድ፣ ከ100 ሴቶች በዕድሜ ዘመናቸው በወሊድ ሰበብ የሚሞቱት ስድስት ቢደርሱ ነው። ለአንድ ሕዝብ ይህ እጅግ መራራ ቁጥር ነው። ከቆጠራው የጎደሉት ግን ከ100 ሃያ ያህል ናቸው።

የቀረው ማብራሪያ ቀላልና ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች በሕይወት አሉ፤ ያልተቆጠሩ ብቻ ናቸው። ቆጣሪው ሲመጣ ሴቷ ውኃ ልትቀዳ ሩቅ ሄዳለች። ልጅቷ ፍየል እየጠበቀች ነው። ቆጣሪው ወንድ ነው፤ የሚጠይቀውም የቤቱን አባወራ ነው። አባወራው ደግሞ ለማያውቀው እንግዳ የሚስቱንና የሴት ልጆቹን ስም መዘርዘር ነውር ይሆንበታል። ወረቀቱ ላይ ወንዶቹ ይሰፍራሉ፤ ሴቶቹ ይቀራሉ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያልተቆጠረች ሴትም አዋላጅ አይመደብላትም።

ስምንት ሕፃናት፣ አንድ መቃብር

በዚሁ የ2008 ጥናት መሠረት በአፋር ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 125ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር። ከስምንት አንዱ ማለት ነው። የአገሪቱ አማካይ 67፣ የአዲስ አበባ 39 ነበር። አስፈላጊውን ክትባት ሁሉ የወሰዱት የአፋር ሕፃናት ከ100 አሥራ አምስት፣ የአዲስ አበባዎቹ ሰማንያ ዘጠኝ ነበሩ። በጤና ተቋም የሚወለዱት በአፋር 15 በመቶ፣ በሶማሌ 18 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 97 በመቶ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የአገሪቱ አማካይ 48 በመቶ ሲደርስ አፋር 28፣ ሶማሌ 23 በመቶ ላይ ነበሩ። መሻሻል አለ፤ ርቀቱ ግን እንዳለ ነው።

እነዚህን አሃዞች ስናነብ ቶሎ የምንይዘው ምክንያት ባህል ነው። «አይቀበሉም፣ አይመጡም» እንላለን። ከመፍረዳችን በፊት ግን ካርታውን እንይ። የአፋር ስፋት 72 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቆጠራው ቁጥር ብንሄድ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 19 ሰው ይኖራል። የጤና ኬላ የታሰበው ለ5 ሺህ ሰው ነው። ሕዝቡ በእኩል ተበትኖ ቢኖር አንድ ኬላ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል ማለት ነው፤ ሙቀቱ፣ አሸዋውና መንገድ አልባነቱ ሳይታሰብ። በደጋ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእግሯ ከቤት ቤት የምትዞርበት አሠራር በዳሎል ሜዳ ወይም በኪልበቲ ረሱ ድንጋይ ላይ አይሠራም።

ክትባቱ የሚሰጥበት ቀጠሮም ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። ሕፃኑ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠኝ ወሩ እንዲመጣ ይጠበቃል። የአፋር እናት ዘመኗን የምትቆጥረው በሌላ ነገር ነው፤ በካርማ፣ በሱጉምና በዳዳ ዝናብ። ልጇን በስድስተኛው ሳምንት ያስከተበች እናት በአሥረኛው ሳምንት ግጦሽ ተከትላ ሁለት ወረዳ አልፋ ልትገኝ ትችላለች። መዝገቡ ግን ከኬላው አይንቀሳቀስም። አዲሱ ኬላ አያውቃትም፤ የቀድሞው «አቋረጠች» ብሎ ይመዘግባታል። እሷ ግን ያቋረጠችው ነገር የለም፤ ኑሮዋን ቀጥላለች። ክትባቱ ራሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ እሷ የምትሄድበት ምድር ግን በዓለም እጅግ ከሚሞቁት አንዱ ነው።

ባህል የለበትም ማለቴ አይደለም። በዚያው ጥናት የሴት ልጅ ግርዛት በሶማሌ 99 በመቶ፣ በአፋር 91 በመቶ ተመዝግቧል። ከዚህ የሚብሰው ዓይነቱ ነው። ከተገረዙት መካከል በሶማሌ 73 በመቶ፣ በአፋር 64 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች የተሰፉ ናቸው፤ በአገር ደረጃ ይህ 7 በመቶ ብቻ ነው። የተሰፋች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወልድ ጠባሳው ምጡን ያዘገያል፤ በሠለጠነ እጅ ካልተከፈተ ይቀደዳል፣ ይደማል። ሕፃኑም ሊታፈን ይችላል። እንዲህ ያለችውን እናት ቋንቋዋን የማትናገርና ስፌት አይታ የማታውቅ አዋላጅ ስትጠብቃት፣ እቤቷ ከምታውቃት አሮጊት ጋር መቆየትን ብትመርጥ አይደንቅም። ግርዛቱ መቆም አለበት፤ ዛሬ የምታምጠው ግን ትናንት የተገረዘችው ናት። ሁለቱንም የሚያውቅ ሥርዓት ያስፈልጋል።

ወተቱ ሲነጥፍ

ከጥናቱ አሃዞች ውስጥ በጣም የሚያስተምረው ስለ ምግብ ያለው ነው። በሶማሌ ክልል ለዕድሜያቸው የቀነጨሩ ሕፃናት 27 በመቶ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38፣ የአማራ ክልል 46 በመቶ ነበር። ምንም እንኳ ክልሉ ከጤና ተቋም የራቀ ቢሆንም፣ የሶማሌ ልጅ በቁመት ከብዙ ደገኞች ልጆች ይሻላል። ወደ ክብደት ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በድንገት የከሱ ሕፃናት በሶማሌ 23 በመቶ ሲሆኑ የአገሪቱ አማካይ 10 በመቶ ነበር።

ምሥጢሩ ወተት ነው። መንጋው ደህና ሲሆን ልጁ የግመልና የፍየል ወተት እየጠጣ ቁመት ይጥላል። ዝናብ ሲቀር መጀመሪያ የሚነጥፈው ወተቱ ነው፤ ልጁም በሳምንታት ውስጥ ይከሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡባዊ ሶማሌና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ያየነው ይህንኑ ነው። እንስሳቱ ከልጆቹ ቀድመው ወደቁ። ለእነዚህ ሕዝቦች የእንስሳት ሐኪም የሕፃናት ሐኪም ያህል ነው።

አፋር ግን ከሁለቱም ጎን ተጎድታለች። በዚያው ጥናት ከሕፃናቷ 41 በመቶው የቀነጨሩ፣ 18 በመቶው የከሱ ነበሩ። የሶማሌ ሕፃን ያለው የቁመት ትርፍ የአፋር ሕፃን የለውም። ለምን? አንዱ መልስ በአዋሽ ዳር ይገኛል። አፋሮች ለዘመናት በበጋ የሚሸሹት ወደ ወንዙ ሜዳ ነበር። በ1950ዎቹ ሚቸል ኮትስ የተባለው ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ሲከፍት፣ ሌሎች ትልልቅ እርሻዎችም ሲከተሉ፣ መጠጊያው በመስኖ ቦይ ታጠረ። የ1965 እና 66ቱ ረሀብ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አልነበረም፤ በዚያ ረሀብ እጅግ ከተጎዱት መካከል የአዋሽ አፋሮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በረሃማነትን ይገታል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች «የደርግ ዛፍ» የሚሉት እሾሃም ቁጥቋጦ፣ የተረፈውን ሜዳ ወረረ። ሣሩ ጠፋ፤ ወተቱም ከሣሩ ጋር ሄደ። የዛሬው የቀነጨረ ልጅ ታሪክ ከጤና ኬላው ይልቅ በእርሻ ካርታው ላይ ቀድሞ የተጻፈ ነው።

ልጅ በዕድሉ

በ2008ቱ ጥናት አንዲት የሶማሌ ክልል ሴት በአማካይ 7.2፣ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት 1.8 ልጅ ትወልድ ነበር። የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ያገቡ ሴቶች በአማራ 47 በመቶ፣ በአፋር 12 በመቶ ያህል፣ በሶማሌ ከሁለት በመቶ በታች ነበሩ። በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሁለት የተለያዩ የሥነ ሕዝብ ዘመናት አብረው ይኖራሉ።

የሥነ ሕዝብ ፖሊሲያችን ይህንን ሲያይ የሚቸኩለው መከላከያ ለማድረስ ነው። መድረሱ ተገቢ ነው፤ የፈለገች ሴት ሁሉ ልታገኘው ይገባል። ነገር ግን ከስምንት ልጆች አንዱን በምታጣ እናት ቦታ ሆነን እንይ። ልጅ ፍየል ጠባቂዋ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ በድርቅ ጊዜ ከተማ ሄዶ ገንዘብ የሚልክላት፣ በእርጅና የሚጦራት ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በብዙዎቻችን ቤት ሞት እስኪቀንስ ድረስ ሠርቷል። በአብዛኛው ዓለም የሆነውም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ሕፃናት መትረፍ ጀመሩ፣ ከዚያ ወላጆች ጥቂት መውለድን ደፈሩ። የሚወለደው እንዲቀንስ የሚፈልግ መንግሥት የተወለደውን ያትርፍ።

አፋር በአብሱማ፣ ማለትም በአክስትና በአጎት ልጆች መካከል በሚደረግ ጋብቻ፣ ሴት ልጆቿን በለጋ ዕድሜ ትድራለች። ይህም ቢሆን የሚለወጠው በሰባኪ ብዛት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከሰፈሩ ጋር ሲንቀሳቀስ፣ ልጅቷ የራሷ ቁጥርና የራሷ የልደት ወረቀት ሲኖራት ነው። በ2008ቱ ጥናት ጊዜ በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዕድሜዋ ያልተጻፈላትን ልጅ «አልደረሰችም» ብሎ የሚከራከርላት ማስረጃ የለም።

ቆጠራውም ሐኪሙም ይንቀሳቀሱ

መፍትሔው እንግዳ አይደለም። በሶማሌ ክልል ተንቀሳቃሽ የጤናና የምግብ ቡድኖች ለዓመታት ሠርተዋል። በአፋር ቫለሪ ብራውኒንግ የተባሉት አውስትራሊያዊት ነርስ ከአፋሮች ጋር ሆነው የመሠረቱት ማኅበር ከሕዝቡ የወጡ ሴቶችን አሠልጥኖ ከሰፈር ሰፈር አሰማርቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙም ለአርብቶ አደሩ ሲቀረጽ የመግቢያውን የትምህርት ደረጃ ዝቅ አድርጓል። ችግሩ እነዚህ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ በድርቅና በእርዳታ ገንዘብ የሚመጡ፣ ድርቁ ሲያልፍ የሚሄዱ መሆናቸው ነው። ለደገኛው ኬላ ቋሚ በጀት አለ፤ ለአርብቶ አደሩ መኪና ግን ፕሮጀክት ይጠበቃል። ይህ መገለበጥ አለበት፤ በእነዚህ ክልሎች ተንቀሳቃሹ ቋሚ፣ ቋሚው ደጋፊ ይሁን።

ከቻድም የምንማረው አለ። እዚያ ተመራማሪዎች በዘላኖች መካከል ሲሠሩ ከብቶቹ የተከተቡ፣ ልጆቹ ግን ያልተከተቡ ሆነው አገኟቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ወደ መንጋው ይሄዳል፤ የሰው ሐኪሙ ግን ሰው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መኪና አስጓዙ። በአፋርም የእንስሳት ክትባት በሚሰጥበት ጉድጓድ ዳር የሕፃናት ክትባት ይሰጥ። ካርዱ በየትኛውም ኬላ፣ ከወሰን ማዶም ቢሆን፣ የሚነበብ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቆጠራው ይምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። ካለፈው ቆጠራ ወዲህ ግን ተደጋግሞ ተራዝሞ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተላልፏል። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ አፋር ዘልቆ ሕዝብ አፈናቀለ፣ ጤና ተቋማትን አወደመ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ተንቀጥቅጦ በአሥር ሺዎች ቀያቸውን ለቀቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን የፌዴራሉ ድጎማ ቀመር፣ የክትባቱ ዕቅድ፣ የመድኃኒቱ ኮታ የሚሰላው ከ1999ኙ ቆጠራ በተሳበ ግምት ነው። በዚያ ቆጠራ የጎደለችው ሴት በየዓመቱ ግምት ውስጥ እንደገና ትጎድላለች።

ቀጣዩ ቆጠራ ሲመጣ የአፋርንና የሶማሌን ሴት የሚቆጥሩ ሴት ቆጣሪዎች፣ ከዚያው ሕዝብ የወጡና ቋንቋውን የሚናገሩ ይሁኑ። ሕዝቡ በበጋ በሚሰባሰብበት ውኃ ዳር ይቆጠር። ውጤቱም ሲወጣ የወንድና የሴት ቁጥር በየዕድሜው ተለይቶ ይታይ፤ ሴቶች በየትኛው ዕድሜ እንደሚጎድሉ ካወቅን የጎደለው ቆጠራው ይሁን ሕይወቱ መለየት እንችላለን። ቆጠራው ከሆነ ቆጣሪው ይታረማል። ሕይወቱ ከሆነ ደግሞ አገር ሁሉ ሊጮኽለት ይገባል።

በአፋር አሪውን፣ ማለትም ቤቱን የምትሠራው ሴቷ ናት። ከዘንባባ ቅጠል የተሠራውን ሰሌን የምታለብሰው፣ ሲሄዱ የምታፈርሰው፣ በግመል ላይ የምትጭነው፣ በደረሱበት ደግሞ እንደገና የምታቆመው እሷ ናት። አሪው የእጇ ሥራ ነው። ቆጣሪው ወደዚያ ደጃፍ ሲደርስ የመጀመሪያውን ስም ከራሷ ከሴቷ አፍ ይስማ፤ በዳጉ ሕግም በዓይኑ ያየውን ይጻፍ።